ነውሩ ያልተነገረ መኪና

ባሌ ደሳለ ሰውን በመኪና ነው የሚያውቅ። «የትኛው ቄስ?» ስለው «ያ እንኳ ወንድሙ ነጭ አይሱዙ ያለው» ይለኛል። መኪና የሌለውን ደግሞ በተሳፈረበት ያስታውሰዋል። እኔን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኝ ከጭነት መኪና ላይ ስወርድ ነው፤ እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን ሲያወራ የእኔን ቀሚስ ትቶ የመኪናውን ሞተር ነው የሚያነሣ። ስሜ የትናየት ነው። ፀጉሬ ሸብቶ ስታዩኝ በእርጅና እንዳይመስላችሁ፤ በፍርሃት ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ቤታችን ላሊበላ፣ ከገበያው በላይ ያለው ዳገት ላይ ነው። ደሳለ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአየር ማረፊያው መንገድ የሚወጣውንና የሚወርደውን መኪና ሁሉ በድምፁ ይዳኛል። «ይሄ በሦስተኛ ማርሽ እየተሰቃየ ነው። ይሄ ክላቹን እየበላው ነው። ይሄ ሹፌር አይደለም፣ ጠላት ነው!» የአጎቴ ቀብር ዕለት ሰው ሁሉ እያለቀሰ ሳለ፣ እሱ ሬሳውን ወዳመጣው መኪና ጆሮውን ቀስሮ ቆየና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ኢንጀክተሩ አልቋል» አለኝ። ቆነጠጥኩት። «ምን ትቆነጥጪኛለሽ? ለአጎትሽ ከእንግዲህ ምንም አይደረግላቸውም፤ ለመኪናው ግን ገና ይደረስለታል» አለ። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ።

ሥራ የጀመረው በረዳትነት ነው። ተሳፋሪ ይጠራል፣ ሻንጣ ይጭናል፣ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ደግሞ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይወትፋል። ያን ድንጋይ ታኮ ይሉታል። «በላስታ መንገድ ታኮ ያልያዘ መኪና፣ መቋሚያ ያልያዘ ደብተራ ማለት ነው» ይላል ደሳለ። ከዚያ መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ ውሎ አድሮም ዶልፊን የሚሏትን አሮጌ ሚኒባስ ገዛ። በሯ በሽቦ ነው የሚታሰር፤ ዝናብ ሲመጣ ከውጭ ይልቅ ውስጧ ይዘንባል፤ እሱ ግን ከልጆቹ እኩል ነበር የሚወዳት። «አሮጌ ናት እንጂ አትዋሽም። ሊያማት ሲል ቀድማ ትናገራለች» ይል ነበር። አዲስ መኪና ላይ መብራት ሲያብለጨልጭ ሲያይ ደግሞ «ጌጡን ተወውና ፍሬኑን አሳየኝ» ይላል። ፈረንጅ ከላሊበላ በጠፋባቸው በእነዚያ ክፉ ዓመታት ያኖረችን ዶልፊኗ ናት። ተሳላሚ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ሙሽራ ወደ ገነተ ማርያም፣ በሽተኛ ወደ ሆስፒታል ስታመላልስ እህል አላጣንም።

አንድ ቀን ግን ዶልፊኗ ዳገት ላይ ተኛችና አልነሣም አለች። እሷን ሸጠን፣ እናቴ ያወረሰችኝን ባሕር ዛፍ ጨምረን፣ አዲስ ነጭ ሚኒባስ ገዛን። አዲስ አበባ መኪና የሚገጣጥም አንድ ድርጅት አለ። ስሙን አልጠራም፤ እነሱ ጠበቃ አላቸው፣ እኔ ያለኝ ምላስ ብቻ ነው። መኪናው ሲመጣ ደሳለ የወንበሩን ላስቲክ እንዳትነኩ ብሎ ከለከለን። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ነበር የሚገቡት። ጎረቤታችን እማሆይ ወለተ ሐና ጠበል ረጩበትና «ልጄ፣ መልኩስ ያምራል፤ አመሉን እግዜር ያሳምረው» አሉ። ያኔ ስቀን አለፍነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ እንኳ ያኔ መፍራት ገና አልጀመርኩም ነበር። ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው ቁልቁለት እየወረድን ነው፤ እኔ ከፊት ከደሳለ አጠገብ፣ ከኋላ በዓል አክብረው የሚመለሱ ተሳላሚዎች መዝሙር እየዘመሩ። መታጠፊያው ሳይደርስ ደሳለ ፍሬን ሲረግጥ አየሁ። መኪናው አልሰማውም። ደግሞ ረገጠ። ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ።

«የትናየት፣ በደንብ ያዥ» አለኝ በቀስታ።

ጮሆብኝ ቢሆን ያን ያህል ባልደነገጥኩ። ደሳለ ስለ መኪና በቀስታ ተናግሮ አያውቅማ! በግራችን ገደል ነው፤ ታች ያለው የማሽላ ማሳ መሐረብ አክሎ ይታያል። ማርሹን ወደ ሁለት፣ ወደ አንድ ሲያወርደው ሞተሩ እንደ በሬ አጓራ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ሸተተ እንጂ አልያዘም። ከዚያ መሪውን ወደ ቀኝ ሰበረና የመኪናውን ጎን ከተራራው ጋር እያፋጨ፣ አፈሩ እየተናደ፣ መስታወቱ እየረገፈ፣ እንደምንም ቆምን። እኔ «ማርያም፣ ማርያም» ስል ነበር መሰለኝ። ከኋላ ያሉት ምን እንደሆነ እንኳ አላወቁም። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ መንገድ ሞልቶ ለምን ከተራራ ጋር ትታገላለህ?» አሉት። ደሳለ መሪው ላይ እንደተደፋ ነው። እኔ ወርጄ መሬቱን በሁለት እጄ ያዝኩት።

መኪናው ትንሽ ሲበርድ ደሳለ ፍሬኑን ቢረግጠው ምንም እንዳልሆነ ያዘ። ይሄ ነው የባሰ ያስፈራኝ። ተበላሽቶ ቢቀር ተበላሸ ይባላል፤ ሲግል ከድቶ ሲበርድ ንጹሕ ነኝ የሚል ፍሬን ግን ምን ይባላል? ከዚያ ቀን ወዲያ መኪና ውስጥ ስቀመጥ ቀኝ እግሬ በራሱ ወለሉን ይረግጣል።

ደሳለ ለድርጅቱ ደወለ። መጀመሪያ ሙዚቃ አሰሙት። ከዚያ ድምፅዋ ማር የሆነ ልጅ ቀረበችና «ውድ ደንበኛችን፣ ቁልቁለቱን በፎሌ ነው የወረዱት?» አለችው። ፎሌ ማለት ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ መኪናውን ቁልቁለት መልቀቅ ነው። ደሳለን በፎሌ ነዳህ ማለት ቄስን በዐቢይ ጾም ሥጋ በላህ ማለት ነው። «እኔ? እኔ በፎሌ?» እያለ ሳለ ስልኩ ተዘጋ። ደግሞ ደወለ። «ችግሩ የአነዳድ ነው» አሉት። የተፋጨውን ጎን አስጠግኖ ቀለም አስቀባ፣ መስታወት አስገባ፣ መካኒክ አሳየ፣ የፍሬን ዘይቱን አስለወጠ፤ ቁልቁለት ላይ ሲሞክሩት ያው ነው። መካኒኩ መለወጥ ያለበት ዕቃ አለ፣ ዕቃው ደግሞ ከድርጅቱ በቀር የትም አይገኝም አለው። ድርጅቱን ሲጠይቅ «ያልተበላሸ ዕቃ አንለውጥም» አሉት። ወይ ጉድ! እዚያ ቁልቁለት ላይ አምጥቼ ከፊት ወንበር ላይ ባስቀመጥኳቸው ስንት ጊዜ ተመኘሁ።

በዚህ መሃል ወልድያ ያለው ወዳጁ በድሩ ተገለበጠ። በድሩም ሹፌር ነው፤ መኪናውም ከዚያው ድርጅት የተገዛች፣ ከእኛው ጋር አንድ ዓይነት ናት። ደሳለ ሆስፒታል ሊጠይቀው ሄዶ ሲመለስ የሌላ ሰው ፊት ይዞ መጣ። የበድሩ እግር ተሰብሯል፤ ከተሳፋሪዎቹ አንዲት እናት አልተረፉም። ድርጅቱ ሰው ልኮ «በፎሌ ወርደህ ነው» ብሎታል።

«በድሩ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?» አለኝ ደሳለ። «‹በፎሌ ወርጄ ይሆን እንዴ?› አለኝ። በድሩ! መንዳት አብረን የተማርን በድሩ! ደጋግመው ሲነግሩት ራሱን ተጠራጠረ። የትናየት፣ ፍሬኑን ነሥተው ጥፋቱን ሰጡት!» ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔ ደግሞ የሞቱትን እናት እያሰብኩ፣ የእኛው ተሳፋሪዎች መዝሙር ጆሮዬ ላይ ይጮህብኝ ጀመር።

ከዚያ በኋላ የደሳለ አፍ አልተዘጋም። ጠላ ቤት ቢሄድ፣ ልቅሶ ቢሄድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ቢቀመጥ ነገሩ አንድ ነው። «ሰው ቢበድልህ ሽማግሌ ትልክበታለህ። አሻፈረኝ ካለ ይገዘታል። ከዚያም ከባሰ ሬሳውን የሚቀብርለት አያገኝም። ድርጅት ቢበድልህስ? ሽማግሌ ወዴት ትልካለህ? ቤቱ የት ነው? ጎረቤት የለው፣ ንስሐ አባት የለው፣ የሚቀበር ሬሳ የለው፤ ምኑን ይፈራል? እኔ ንስሐ አባት የሌለው ነገር ሁሉ ያስፈራኛል» ይላል።

የበሬውን ነገር ደግሞ ሳያነሣ አይውልም። በእኛ አገር ቅዳሜ ገበያ በሬ የሚሸጥ ሰው ገመዱን ከእጁ የሚለቀው ነውሩን ከተናገረ በኋላ ነው። ገመዱን እንደያዘ «ነውሩን ስማ» ይላል። ይዋጋል ይላል፣ ወይም እርሻ መሃል ይተኛል ይላል፣ ወይም ነውር የለበትም ይላል። ገዢውም ሰምቶ ገመዱን ይቀበላል። ነውሩን ሳይናገር ገመድ የለቀቀ ሰው በሬውን መልሶ ይወስዳል፤ ስሙም ከገበያው ይጠፋል። «ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ለአንድ በሬ ይሄን ያህል ይጨነቃል» ይላል ደሳለ ጠረጴዛ እየደበደበ። «እነዚያ ግን የሰው ነፍስ የሚጭን ብረት፣ ነውሩን እያወቁ ገመዱን ለቀውልን ሄዱ!» አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ «እውነቱን ነው» ይላል። እኔ ግን «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እለዋለሁ። እህሉ ከጎተራ እያለቀ ነዋ!

መኪናውን አቆመው። ከእንግዲህ ሰው አልጭንበትም አለ። መቆሙ ግን ለእኔ ዕረፍት አልሆነም። የቆመው ደጃችን፣ ዳገቱ ላይ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የእማሆይ ወለተ ሐና ጎጆ አለ። ከጎማው ሥር ታኮ ተወትፏል። ጠዋት ስነሣ ፊቴን ሳልታጠብ ሄጄ ድንጋዩን በእግሬ እገፋዋለሁ፣ ይንቀሳቀስ እንደሆን አያለሁ። ዝናብ ሲጥል እንጀራ ከአፌ ጥዬ እወጣለሁ። የልጆቹ ኳስ ወደዚያ ስትንከባለል እጮኻለሁ። እማሆይ ደጃፋቸው ተቀምጠው ዳዊት ሲደግሙ ያ መኪና ከላያቸው አፍጥጦ ሳየው ተመልሼ ታኮውን እነካካለሁ። አንድ ቀን «እማሆይ፣ ወደዚያ ማዶ ቢቀመጡ ምናለበት?» ብላቸው «ፀሐይዋ እዚህ ናት ልጄ» አሉኝ። ደሳለን ብጨቀጭቀው ሌላ ታኮ ጨመረበት። እኔን ግን ሁለቱም አላስተኙኝም።

ጎተራው ሲራቆት፣ ደሳለ ራሱ አንድ ቀን አንገቱን ደፍቶ «እንሽጠው» አለኝ። «ነውሩን ተናግረን?» አልኩት። ተነሥቶ ታኮዎቹን ሊያይ ወጣ። እኔም ደግሜ አልጠየቅኩትም።

ገዢ የመጣው በቅዳሜ ቀን ነው፤ ከወልድያ ወዲያ ከቆላው አገር፣ አባስ የሚባል ወጣት። ሚስቱ ጀውሀራም ላሊበላን ልይ ብላ ተከትላው መጥታለች። እርጉዝ ናት፤ ሆዷ ገፍቷል። አባስ ሹፌር ነው፤ አባቱ ግን የከብት ነጋዴ ናቸው። መኪናውን ገበያው ዙሪያ በሜዳው ነዳው፤ ሜዳ ላይማ ምን ይሆናል? በርዶ ያደረ ፍሬን ሲረግጡት ይይዛል። ተመልሶ ወርዶ «ማሻአላህ! እንዴት ያለ መኪና ነው ጋሼ!» አለ። እንዳልተላጠ የቀረውን የወንበር ላስቲክ በእጁ ዳሰሰው።

እኔ ደሳለን አየሁት። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ።

«መቼም ይሄ በሬ አይደለም፤ ነውሩን ይንገሩኝ አልልም» ብሎ ሳቀ አባስ። «ድርጅት የሠራው፣ ቦሎ የተለጠፈበት ነገር ነው።»

የአባቱ ልጅ! በሬ ቢሆን ጥርሱን ፈልቅቆ፣ ሰኮናውን አንሥቶ፣ ነውሩን ሳይሰማ ገመዱን አይነካም ነበር። ብረት ነው ብሎ፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈችውን የምርመራ ወረቀት አምኖ ተወው። እኛስ ስንገዛው ጠየቅን እንዴ? ለበሬ እንጠይቃለን፣ ለመኪና እናምናለን።

ደሳለ አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው። ያ ጠላ ቤት ጠረጴዛ የሚደበድብ ሰውዬ፣ ብሩን ቆጥሮ ተቀብሎ «የበረከት ያድርግልህ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። እኔስ? እኔም ዝም! ብንናገር የልጆቼ አፍ ነው፣ ዝም ብንል የዚያች ልጅ ሆድ ነው፤ በሁለቱ መሃል ምላሴ ታሰረ። የእኔን ምላስ የሚያውቅ ይሄን አያምነኝም። ጀውሀራ ልትሰናበተኝ ጠጋ ብላ «እትዬ፣ ይመርቁኝ፤ በሰላም እንድገላገል» አለችኝ። «በሰላም ግቢ ልጄ» አልኳት።

«በየት በኩል ነው የምትሄዱ?» አለ ደሳለ።

«በአየር ማረፊያው፣ በጋሸና አድርገን ነዋ።»

ደሳለ ታኮዎቹን ራሱ አወጣ። አንዱን ወዲያ ጣለው፤ ሌላው እጁ ላይ ቀረ። መኪናው እማሆይን አልፎ፣ ዳገቱን ወርዶ ሄደ። እኔ ያ ብረት ከእማሆይ ራስ ላይ ሲነሣ እፎይ እላለሁ ብዬ ስንት ቀን አስቤ ነበር። እፎይታው አልመጣም። ደሳለ ድንጋዩን እንደያዘ ቆሞ ዓይኑን ጨፈነ። ጆሮው ከመኪናው ጋር እንደሚወርድ ገባኝ። ድምፁ ከገበያው አለፈ፣ ከከተማው ወጣ፣ ቁልቁለቱን ያዘ።

«ማርሽ አልቀነሰም» አለ።

«ምን?»

«ማርሽ አልቀነሰም! የቆላ ሹፌር ነው፣ ሜዳ እንጂ ቁልቁለት አያውቅም። በፍሬን ብቻ ነው የሚወርድ። የትናየት፣ ፍሬኑ እየጋለ ነው!»

ስልኩን አውጥቶ ወደ አባስ ደወለ፤ ኔትወርክ የለም። ደግሞ ሞከረ፤ የለም። ከዚያ ሮጠ። ደሳለ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም፤ ቦርጫም ነው። እኔም ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ተከተልኩት። የጎረቤታችን ልጅ አለሜ ባጃጁን እያጠበ አገኘነውና ውሃው ሳይደርቅ ዘለን ገባን። «ወደ አየር ማረፊያው! ንዳ!» አለው ደሳለ።

ኧረ የዚያን ቀን ፍርሃት! ባጃጅ ለቁልቁለት አልተሠራ፤ በየጉድጓዱ እየዘለለ ጭንቅላቴ ከላስቲክ ጣሪያው ጋር ይጋጫል። «ጋሼ፣ ባጃጄ ሊበተን ነው!» ይላል አለሜ። «ይበተን!» ይላል ደሳለ። እኔ በየመታጠፊያው መንገዱን ትቼ መጀመሪያ ገደሉን ነው የማይ። ነጭ ነገር ባየሁ ቁጥር መኪናው ይመስለኛል፤ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል፣ ፍየል ሆኖ ይገኛል። ያኔ እኛ ከተራራው ጋር የተፋጨንበት ቦታ ስንደርስ ጭረቱ አሁንም እንዳለ ነው። እዚያ ነው ሽታው የመጣ። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ነው፤ አንድ ጊዜ የሸተተው አይረሳውም። ደሳለ ድንጋዩን ታቅፎ ወደፊት ተደፋ። እኔ ያችን ልጅ በሰላም ግቢ ያልኩበትን አፌን በእጄ ያዝኩት። «እመብርሃን፣ እሷን ብቻ፣ እሷን ብቻ አውጪልኝ» እያልኩ ተሳልኩ፤ ምን እንደተሳልኩ አሁን አላስታውሰውም።

ከቁልቁለቱ ግርጌ ኬላ አለ። መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሮ ጠባቂዎች መኪና ይፈትሹበታል። ስንደርስ ገመዱ ተበጥሶ መሬት ላይ ተኝቷል። መኪናው በጥሶት አልፎ፣ መንገድ ዳር ለግንባታ የተከመረ አሸዋ ውስጥ አፍንጫውን ቀብሮ ቆሟል። አሸዋው ባይኖር ኖሮ ከዚያ በታች ወንዝ ነው።

ጀውሀራ መሬት ላይ ተቀምጣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች። ደም የለም። ሮጬ ሄጄ አቀፍኳት። «ይራገጣል እትዬ፣ ይራገጣል» አለችኝ፤ ልጁ በሆዷ በሕይወት አለ ማለቷ ነው።

ጠባቂዎቹ አባስን ከበው ይጮኹበታል። «ምን ዓይነት ሹፌር ነህ? ሰው ልትፈጅ ነበር እኮ!» አባስ እጁን እያጣመረ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በሉኝ። የቆላ ሰው ነኝ፣ ቁልቁለት አላውቅበትም። እግሬ ፍሬኑን ስቶት ነው መሰለኝ» ይላል። ደሳለን ሲያይ ደግሞ ባሰበት። «ጋሼ፣ መኪናዎን ጉድ አደረግሁት! ገና ከእጅዎ ሳይርቅ!»

ደሳለ ከባጃጁ ወርዶ ቆመ። ሁሉም ተስማምቷል እኮ! ጠባቂዎቹ የሹፌሩ ጥፋት ነው ብለዋል፤ ሹፌሩም አዎ የእኔ ነው ብሏል። ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም። እኔ የባሌን ፊት አየሁና እንደ መጀመሪያው ቀን ፈራሁ። አሁን ግን ገደሉን አልነበረም የፈራሁ። ይሄ ሰው ዝም ቢል ከእሱ ጋር ወደ ቤቴ መመለሱን ፈራሁት።

መጀመሪያ ሄዶ ታኮውን ከጎማው ሥር ወተፈ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የተበጠሰውን ገመድ ጫፍ ከመሬት አነሣና ወደ አባስ ሄደ። ገመዱን እንደያዘ ፊቱ ቆመ።

«አባስ፣ ነውሩን ስማ» አለው በቀስታ።

ያ የከብት ነጋዴ ልጅ ቃሉን ሲሰማ አንገቱን ቀና አደረገ። ጠባቂዎቹም የላስታ ልጆች ናቸው፤ ጩኸታቸውን አቆሙ።

«ፍሬኑ ሲግል ይከዳል። እግርህ አልሳተም። እኔ አውቅ ነበር፤ አውቄ ሳልነግርህ ለቀቅሁልህ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ገንዘብህንም ዛሬውኑ ትወስዳለህ።»

ያንን ቃል ስልክ ይዘን ስንት ጊዜ ጠብቀነው ነበር። ከዚያች ድምፅዋ ማር ከሆነ ልጅ አልመጣም፤ በድሩ አልጋ ላይ ተኝቶ ሳለ ከተላከው ሰውዬም አልመጣም። ድርጅቱ እስከ ዛሬም «አነዳድ» እያለ ነው።

አባስ ወደ እግሩ ጎንበስ ብሎ አየ። «አልሳተም?» አለ። «ወላሂ፣ እግሬን ስረግመው ነበር።» ከዚያ መንገዱ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ይሳደባል፣ ይማታል ብዬ ስጠብቅ፣ እሱ የገዛ እግሩን በእጁ ይዞ አለቀሰ።

የተናገረችው ጀውሀራ ናት። ከእቅፌ ቀና ብላ «ጋሼ» አለችው። «እኔን እንዲህ ሆኜ እያዩኝ፣ ለምን አልነገሩንም?»

ደሳለ ስለ ሞተር ሲጠይቁት መልስ አያጣም፤ ስለ ድርጅትም መልስ አያጣም። የዚያን ዕለት ግን ገመዱን ጎንበስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ፈርቼ ነው ልጄ» አላት።

ጀውሀራ ፊቷን ከእሱ መለሰች። እኔንም ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም ዓይኔን ወደ መሬት ሰበርኩ።

መኪናውን ከአሸዋው ጎትተው አወጡት። ደሳለ ዳገት ፍሬን አይፈልግም ብሎ ብቻውን ገባበት፤ ማንንም አላስጠጋም። እኛ በአለሜ ባጃጅ ከኋላ ከኋላው ተከተልን፤ አባስ ባንዱ በኩል፣ ጀውሀራ ከመሃል፣ እኔ በሌላው በኩል። ታኮውን ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ። ከፊታችን የደሳለ መኪና በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል። ጀውሀራ አንድ እጇን ከሆዷ አንሥታ የእኔን እጅ ያዘችኝ። ላሊበላ እስክንገባ ድረስ ሁለታችንም ዓይናችንን ከጎማው ላይ አላነሣንም።